ለአምስት ዙር ኢንተርቪው ከመሮጥህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አንተ አዳማ ነህ፣ ለጁኒየር ዴቭሎፐርነት (ለጀማሪ ፕሮግራመርነት) የጠራህ ድርጅት አዲስ አበባ። መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ኦንላይን ቴስት፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ በአካል። «ይሄ ጤነኛ ነው ወይስ ልተወው?» ነው ያልከው። ጤነኛ አይደለም፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይጠናም። ግን ቶሎ አትተወው፣ እኔን ያንገበገበኝን ልንገርህና ራስህ ወስን።

1. ስንት ዙር እንዳለ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ፣ ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቴሌግራምም ይበቃል። ኤችአሮቹ «ወደፊት ይገለጽልሃል» ይሉሃል። አንዴ ድገምላቸው። አሁንም ካድበሰበሱ ደመወዙ አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም ማለት ነው።

2. የቤት ሥራው ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ ክፍያ ጠይቅ። እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ቁስሌ እዚህ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት «ቴስት ነው» ብሎ ሙሉ የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም አሠራኝ። የዕቃ ዝርዝር፣ በቴሌብር መክፈያ፣ ለአድሚን ሪፖርት፣ ምን የቀረ አለ! ያኔ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ተከራይቼ ነበር፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ጄኔሬተር ያለው ካፌ እሮጣለሁ፣ አንድ ማኪያቶ አዝዤ አስተናጋጇ በዓይኗ እስክታስወጣኝ እቀመጣለሁ፣ ዳታውም ከራሴ ኪስ ነው። አሳምሬ ነው የሠራሁት፣ ይሄን ለመናገር አላፍርም። ሰው ስልክ ቁጥሩን ሲያሳስት የሚመጣው መልእክት እንኳ ደረቅ እንዳይሆን «በ09 ወይም በ07 ካልጀመረ አናውቀውም፣ እስቲ አንዴ ይዩት» ብዬ ጻፍኩ።

ላክሁ። ጠሩኝ። በጠዋት ተነስቼ በፍጥነት መንገዱ ከች አልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ «ተቀመጥ፣ ይጠሩሃል» አለችኝ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። የጠየቀኝ ሰውዬ ኮዴን ከፍቶም አላየው። ቀለሙ የደረቀ ማርከር ሰጥቶኝ «ባይነሪ ትሪ ገልብጥ» አለኝ፣ እንደ ዛፍ ሁለት ሁለት እየሆነ የተቀረንጨፈውን ዳታ ግራና ቀኙን አቀያይር ማለቱ ነው። (ሆምብሩ የሚባለውን የማክ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጫኛ የሠራው ማክስ ሃወልም ሰሌዳ ላይ ይቺኑ ትሪ መገልበጥ ስላልቻለ ጉግል እንዳልቀጠረው በ2015 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር፣ እሱ እንዳለው የጉግል መሐንዲሶች ግን ሶፍትዌሩን ይጠቀሙበት ነበር።) እኔ ስጽፍ እሱ ስልኩ ላይ ነው። ጨርሼ ዞር ስል፣ «ኮምፕሌክሲቲውስ?» አለኝ፣ ዳታው ሲበዛ ኮዱ ምን ያህል ይዘገያል ማለቱ ነው። ነገርኩት። «እንደውልልሃለን።» ይኸው እስከ ዛሬ እየደወሉ ነው።

ከወራት በኋላ ጓደኛዬ ከአንድ ደንበኛቸው ሳይት ዕቃ ሊያዝ ገብቶ ስክሪንሾት ላከልኝ፣ «ይቺ ነገር አንተን አንተን ትላለች» ብሎ። «እስቲ አንዴ ይዩት።» አንድ ፊደል አልተነካችም! ስደውል የሚያነሳ የለም፣ ኢሜይል ስጽፍ የሚመልስ የለም።

ስለዚህ ኮዱን በዚፕ አትላክ። ስክሪን ሼር አድርገህ አሳያቸው። የግድ ካሉ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የራስህን ኦርጋናይዜሽን ከፍተህ፣ በፕራይቬት ሪፖ (ለሌላው ዝግ በሆነ የኮድ ማስቀመጫ)፣ ማየት ብቻ ፍቀድላቸው። ማውረዳቸውን አታስቀርም፣ ግን መቼ ምን እንደጻፍክ መዝገቡ በስምህ ይቀራል።

3. «ትልልቆቹም እንዲህ ነው የሚቀጥሩት» ካሉህ አትደንግጥ። ጉግል የራሱን ቅጥር አጥንቶ፣ ሰውየው ይቀጠር አይቀጠር የሚለውን በ86 በመቶ እርግጠኝነት ለመወሰን አራት ኢንተርቪው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው የሚጨምረው ኢምንት ነው ብሏል። ጉግል በአራት ከበቃው የኛ ሰው ለጁኒየር ዴቭሎፐር አምስት ዙር ምን ያደርግለታል? «እርግጠኛ መሆን አለብን» ለሚሉት ደግሞ ሕጉ መፍትሔ አስቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፣ በጽሑፍ ይስማሙና ይዩህ። ለሥራው ብቁ ካልሆንክ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል።

አሁን እኔ ራሴ እዚሁ አዳማ ለትንሿ ቡድናችን ሰው እቀጥራለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል፣ አለቀ። ሆን ብዬ ያበላሸሁትን ትንሽ ፕሮጀክት እከፍትለታለሁ፣ ጉግልም ቻትጂፒቲም ይጠቀም፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስህተቱን እንዴት እንደሚያሳድደው አያለሁ። አንዷ ልጅ ሎጉን (ፕሮግራሙ ያደረገውን የሚመዘግብበትን ጽሑፍ) ከላይ እስከ ታች ሳታነብ ኪቦርዱን አልነካችም፣ ስታነብ ደግሞ በጣቷ ስክሪኑ ላይ እየተከተለች ነው። ሌላ ምን ልጠይቃት? ከዚያ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ግማሽ ሰዓት አወራን፣ በዚያው ሳምንት መልስ ሰጠኋት። ላልቀጠርኩትም «አይሆንም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሰው ስልኩን እያየ አይክረም።

4. አንተ ገና የቤት ሥራው ላይ ነህ መሰለኝ። ሳትጀምረው ዛሬውኑ በትህትና ጻፍላቸው፦ «የምመጣው ከአዳማ ስለሆነ ሁለቱን የአካል ኢንተርቪው በአንድ ቀን ማድረግ ይቻላል? የምሠራው ኮድስ ለቴስት ብቻ እንደሚውል በጽሑፍ ታረጋግጡልኛላችሁ?» የመለሱልህን እዚሁ ከታች አስቀምጠው፣ አብረን እናየዋለን።