የጦስኝ ዘይትና የእናቴ እግር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከኩታበር ነው። እናቴ ስኳር አለባቸው። ጫማ የላጣቸው የውስጥ እግራቸው ቁስል ወር ሊሞላው ነው። የጦስኝ ዘይት ባክቴሪያ ይገድላል፣ አንቲኦክሲዳንትም አለው ሲባል ሰምቼ እቀባቸዋለሁ። የአሞክሳሲሊን ካፕሱልም ፈልቅቄ ነስንሼበታለሁ። ዘይቱን ቢጠጡትስ? «አያመኝም፤ ሐኪም ቤት ከሄድኩ እግሬን ይቆርጡታል» ብለው እምቢ ብለዋል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቁስል ሁሉ አያስቆርጥም። በጊዜ የታየ የስኳር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ታጥቦ፣ የሞተው ሥጋ ተነስቶ፣ ስኳሩ ተስተካክሎ፣ እግሩም ክብደት ሳያርፍበት ቆይቶ ይድናል። ሰፈር ውስጥ ሆስፒታል ገብቶ እግሩ ተቆርጦ የወጣ ሰው አይጠፋም። ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ ቤቱ እንደተቀመጠ ግን ማንም አያወራም።

የሰማሽው ውሸት አይደለም። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳሱታል። ይህ ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ላይ መግል የለም፣ ደም ያጠረው ሥጋም የለም። አንቲኦክሲዳንት የሚባለውም የብልቃጥ ውጤት ነው፤ ስኳር የጎዳውን እግር አያድንም። የጦስኝ ሻይ ከወደዱ ያለ ስኳር ይጠጡ። ዘይቱን ግን ጠብታም እንዳትሰጫቸው! የብዙ ቅጠል ጉልበት ነው እዚያች ጠርሙስ ውስጥ ያለው። ሳይቀጥን ሲቀባ ቆዳ ያቃጥላል፤ እሳቸው ደግሞ ማቃጠሉ ላይሰማቸው ይችላል።

እኔን ያስፈራኝ ያ «አያመኝም» ነው። ወር የሞላው ቁስል ካላመመ ደህና ሆኖ አይደለም፤ ስኳሩ ነርቩን አደንዝዞት ነው። ዓይናቸውን ይጨፍኑና የአውራ ጣታቸውን ጫፍ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ንኪ፣ አትጫኚ። «የትኛውን ነካሁ?» በያቸው። ትንሿንም ጣት፣ ሌላውንም እግር እንዲሁ። ካልለዩት፣ ሚስማር ቢወጋቸውም ላያውቁት ይችላሉ። ሕመም ካልነገራቸው ዓይን ነው የሚነግራቸው፤ በየማታው የውስጥ እግራቸውን አንቺ እዪላቸው። ቢለዩትም ከሐኪም ቤት አይቀሩም።

የካፕሱሉ ነገር ግን ያበሳጫል። ስንቴ እንናገር? ካፕሱል የሚዋጥ እንጂ የሚነሰነስ አይደለም። የሚዋጠውም ሐኪም ሲያዝ ነው። ዱቄቱ ቁስሉን ይሸፍነዋል፣ ከሥሩ መግሉ ሥራውን ይቀጥላል።

ነገ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ሩቅ አይደለም። ቅላቱ ከተስፋፋ፣ ከሸተተ፣ ጣት ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ነገን አትጠብቂ። ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ለእናትሽ «እግርዎን እንዳይቆርጡት ነው የምንሄደው» በያቸው። ጠርሙሱንና የካፕሱሉን ማሸጊያ ያዢ፤ የተቀባውን ሐኪሙ ይየው።