ጎረምሳው አውራ ዶሮ ታሟል ወይስ ድምፅ እያወጣ ነው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የ45 ቀን ጫጩት የገዛችሁ ሰዎች ጫጩቶቹ አሁን ጎርምሰውባችኋል መሰለኝ፣ ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ አውራ ዶሮ ጩኸት ሆኗል። እንደ አመጣጡ ልመልስ።

እዚሁ ጅማ ከመንደራ ሰፈር አንዲት እናት፦ አራት ወር ያለፈው ሳሶ የሚባለው ዝርያ አውራ ዶሮ አላት፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አንገቱን እየሳበ የታነቀ ድምፅ ያወጣል። ባሏ "ፈንግል ነው፣ ሳይሞት እንረደው" ይላል፣ ጎረቤቷ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈልቅቀሽ ውሃው ላይ በትኚለት ብላት በትናለታለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ውሃ ድፊው። ከነገርሽኝ ሁሉ ዶሮሽ የታመመ አይመስልም፣ መጮህ እየጀመረ ነው። የወንድ ዘር ፍሬው ሲያድግ ሆርሞኑ ከፍ ይላል፣ ሆርሞኑ ደግሞ ጩኽ ጩኽ ያሰኘዋል፣ ግን ድምፁ ገና አልተገራም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክንፉን ያማታል፣ አንገቱን ይስባል፣ አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ ከዛ ያ ሁሉ ዝግጅት "ኩ... ኩርርክ" ብሎ መሃል ላይ ይቆረጣል። የሚያምረው "ኩኩሉ" መጨረሻው ላይ የሚረዝመው ነገር ገና የለውም፣ ሸካራና አጭር ነው፣ አንዳንዱማ የዛገ በር ሲከፈት ነው የሚመስለው። ሳምንታት ስጪው፣ ይስተካከላል።

ከበሽታ እንዴት ትለዪዋለሽ? ከጩኸቱ በኋላ ያለውን እዪ። ጎረምሳው ጮኾ ሲጨርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥሬውን ይለቅማል፣ አተነፋፈሱም ፀጥ ያለ ነው። የታመመው ግን በየትንፋሹ ያንኳርራል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ካፍንጫው ወይ ካይኑ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ላባውን ነፍቶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ምግብ ይተዋል። ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ መብራት አጥፍተሽ ጆሮሽን ጠጋ አድርጊና ስሚ፣ በእንቅልፉ መሃል የሚንኳርር ካለ እሱ ጩኸት መለማመድ አይደለም። ከሱ ጋር አረንጓዴ ተቅማጥ ወይ የአንገት መጠምዘዝ ካየሽ፣ ወይ ዶሮዎቹ ተከታትለው መሞት ከጀመሩ ፈንግል ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ደውዪ፣ ነገ አይባልም፣ የጎረቤትሽም ዶሮ አብሮ ነው የሚያልቀው።

ቴትራውን በተመለከተ ግን ሰው መቼ እንደሚሰማኝ አላውቅም። ፈንግል በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይገድልም፣ መከላከያው እንደ ላሶታ ያለው ክትባት ነው፣ እሱም ዶሮው ጤነኛ እያለ የሚሰጥ። የሰው ካፕሱል በግምት ውሃ ላይ መበተን መጠኑ አይታወቅም፣ መድሃኒቱ ስጋውና እንቁላሉ ውስጥ ይቀራል፣ ያንን ልጆችሽ ይበሉታል፣ ባክቴሪያውም መድሃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። እና ባልሽ ቢላውን ያስቀምጥ፣ አሁን አይታረድም፣ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቂ፣ እባክሽ ይቺን አትዝለያት። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እያለልን ዶሮ በጎረቤት ምክር ስናክም ትንሽ ያሳፍራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጉዝጓዝ የቡና ገለባ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ፣ ርካሽ ነው፣ ችግር የለውም፣ ግን የጅማ ክረምት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ከረጠበና ከሻገተ የዶሮውን ሳንባ ይጎዳል። ቤቱ ስትገቡ አይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ዶሮው እዛ ውስጥ ያድራል እኮ! አውጡና ደረቅ ቀይሩ።

በስንት ወሩ ነው የሚጮኸው? ይሄን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። አብዛኛው ከአራት እስከ አምስት ወር፣ ቀደም ያለው በሁለትና ሶስት ወሩ ይሞክራል፣ የሀበሻው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሊዘገይ ይችላል። ትልቅ አውራ ካለበት ጎረምሳው ፈርቶ አፉን ይዞ ሊቆይም ይችላል።

ከቆጪ አንድ ወጣት ዶሮው ቶሎ እንዲለምድ በስልኩ የሌላ አውራ ዶሮ ጩኸት ያሰማዋል። ወንድሜ፣ ቻርጅህን ቆጥብ። ዶሮ ጩኸትን እንደ በቀቀን ሰምቶ አይማርም፣ አብሮት የተወለደ ነው።

ከጂረን አንድ አባት "ሱብሂ አዛን ሳይጠራ፣ ገና ድቅድቅ ጨለማ እያለ ከለሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይጮሃል፣ ምን አይቶ ነው?" ብለው ጠይቀውኛል።

አባቴ፣ ምንም አላየም፣ ሰዓቱ ውስጡ ነው ያለው። ጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አውራ ዶሮዎችን ቀን ከሌት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተዋቸው ነበር፣ ዶሮዎቹ ግን ንጋት የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቀው ነው የጮኹት። እነዚሁ ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተራ እንዳላቸው አሳዩ፦ መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው፣ ሌሎቹ በደረጃቸው ይከተላሉ፣ አለቃው ሲወጣ ምክትሉ ይጀምራል። የእርስዎ ዶሮ እንግዲህ አለቃ ነው ማለት ነው። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ "ኩኩሉ!" ሲባሉ "አልነጋም!" ይሉ የለ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው።

አጂፕ አካባቢ ግቢ ውስጥ የተከራየ ልጅ፦ አከራዩ በጩኸቱ ተማርረዋል፣ "ጉሮሮውን ማስቆረጥ ይቻላል?"

አይቻልም! ድምፁ የሚወጣው ከጉሮሮው ሳይሆን ደረቱ ውስጥ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው፣ እሱን እነካለሁ ብለህ ትገድለዋለህ። ማኮላሸትስ እንዳትለኝ፣ በእርግጥ ጀርመናዊው ተመራማሪ በርቶልድ በ1849 እ.ኤ.አ. ፍሬያቸው የወጣ ዶሮዎች መጮህ እንደሚተዉ፣ ፍሬው ሲመለስላቸው ደግሞ እንደገና እንደሚጮኹ አሳይቷል፣ ግን የዶሮ ፍሬ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው፣ ቤት ውስጥ በምላጭ የሚሞከር ነገር አይደለም። ማታ ጨለማ ያለው፣ አየር ግን የሚገባው ቦታ አሳድረው፣ ትንሽ ይቀንስልሃል እንጂ አይጠፋም። የሚያናድደው እሱ ራሱ አፉን በሰፊው ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ስለሚደፈን እንደ አከራይህ አይሰቃይም። ካልሆነ ሽጠው፣ የበዓል ሰሞን ደህና ያወጣል።

ቄብ ናት ብለው ሸጡልኝ፣ ጮኸች። ተሸውደሻል።

እንቁላል ጥላ የምታውቅ ዶሮዬ ጮኸች፣ ገድ የላትም ይላሉ፣ ትታረድ? ለገዱ አትረጃት። ሴት ዶሮ የሚሠራው የግራ እንቁልጢዋ (እንቁላል የሚያመርተው አካሏ) ብቻ ነው፣ እሱ ከተጎዳ ሆርሞኗ ተዛብቶ እንደ ወንድ ልትሆን ትችላለች፣ አውራ በሌለበት ግቢም አንዳንዷ ትሞክረዋለች። እንቁላል ካቆመች ግን ሐኪም ይያት፣ ወይ... እንግዲህ ሽንኩርቱን አንቺ ታውቂያለሽ።

እንቁላል ለማግኘት አውራ ያስፈልጋል? ለመብላት አያስፈልግም፣ ለማስፈልፈል ያስፈልጋል።

መጮህ የጀመረ ዶሮ ስጋው ይጠነክራል? ገና አሁን የጀመረው ለወጥ ልክ ነው፣ ዓመት ያለፈው ነው እሳት የሚያስጨርስህ።