መሪ የሌለው ግሬደር ላይ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። መንገድ ከሚደለድለው ማሽን፣ ከግሬደር ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሠራሁት ሁሉ መሪና ማንሻ ባለው በድሮው ካተርፒላር ነው። አሁን ካዛንቺስ ያለው ሳይታችን መሪ የሌለው ካት (ካተርፒላር) ገብቶለታል። ሁለት ጆይስቲክ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ «ይሄ እንደ ጌም ነው፣ ለእርስዎ አይሆንም» ይሉኛል። እርስዎ ሞክረውታል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው? ደግሞ ሌቭሉን፣ የአፈሩን ከፍታና ተዳፋት፣ ማሽኑ ራሱ ይይዛል የሚሉት እውነት ነው?
ኦፕሬተሩ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚሠራ የድሮ ፎርማኔ «ና ውጣበት» ብሎኝ ነው። ካት 140ኤም ነበር። ካተርፒላር መሪውን አንስቶ በጆይስቲክ የተካው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ለኛ አዲስ ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ቆይቷል።

ብሌዱን፣ አፈር የሚገፋውን ሰፊ ምላጭ፣ አትፍራው። ግራውን ጆይስቲክ ወደፊት ስትገፋ የግራው ጫፍ ይወርዳል፣ ወደ ራስህ ስትስብ ይነሳል። ቀኙም ለቀኙ ጫፍ እንዲሁ ነው። ቀኙን ስትጠመዝዝ ብሌዱ ይዞራል፣ ግራውን ስትጠመዝዝ የማሽኑ ወገብ ይታጠፋል። ማርሹ በአውራ ጣትህ ነው። ይሄን ቶሎ ትለምደዋለህ።

ግር የሚልህ አነዳዱ ነው። ግራውን ጆይስቲክ ወደ ጎን ባዘነበልከው ልክ የፊት ጎማው ይዞራል። እጅህን ስትለቅ ወደ መሐል አይመለስም፣ ባስቀመጥክበት ይቆያል። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው። ደግነቱ ፍጥነት ስትጨምር ጎማው ለእጅህ የሚሰጠው ምላሽ በራሱ ይለዝባል።

ካተርፒላር የእጅና የአንጓ እንቅስቃሴን እስከ 78 በመቶ ይቀንሳል ይላል። እኔ መቶኛውን አልለካሁም። ማታ ላይ ግን ትከሻዬን አላመመኝም። በድሮው ግማሹን ቀን ቆመን፣ አንገታችንን አስግገን አይደል የምንሠራው? እዚህ ቁጭ ብለህ በበሩ መስታወት ብሌዱን ታየዋለህ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። በድሮው ብሌዱ ጠንካራ ነገር ሲነካ ማንሻው ይነግርሃል። እዚህ ትእዛዙ የሚሄደው በሽቦ ነው፤ እጅህ ምንም አይሰማውም። የሚነግርህ መቀመጫህና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ገጠር መንገድ ላይ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ካዛንቺስ ግን ሌላ ነው። የፈረሰ ቤት መሠረት፣ ማንሆል፣ የውኃ ቧንቧ፣ የስልክ ኬብል፣ ሁሉም እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ማንሆሉን ሁሉ ቀድመህ በቀለም አስምርበት። ረዳትህ ከፊት በደንብ ርቆ፣ አንተ በምታየው በኩል ይሂድ። በአንደኛ ማርሽ ሥራ። ሙዚቃውንም ዝጋው፣ ልጆቹ ቅር ይበላቸው።

ሌቭሉን ይይዛል የሚሉህ ክሮስ ስሎፕ የሚባለውን ነው። በሁሉም ላይ አይገጠምም፣ ያንተ እንዳለው ጠይቅ። አንዱን ጫፍ አንተ ትይዛለህ፣ ሌላውን ማሽኑ በሰጠኸው ተዳፋት ይጠብቅልሃል። 2.5 በመቶ አልከው እንበል። ብሌዱ 3.7 ሜትር ነው፤ ቀጥ አድርገህ ብትይዘው ከጫፍ ጫፍ 9 ሳንቲም ገደማ ልዩነት ይሰጥሃል። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽህም። ግን መንገዱ የት ከፍታ ላይ መቆም እንዳለበት በዚህ ብቻ አያውቅም። ችካሉ፣ ሲባጎውና ሰርቬየሩ እዚያው ናቸው። ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ላይ ክፈተው። በሁለቱም ወገን የጠርዝ ድንጋይ ባለበት፣ ተዳፋቱ በየመታጠፊያው በሚለዋወጥበት መሐል ከተማ ግን እኔ አጥፍቼው ነው የምሠራው።

ጥገናው አንድ ነገር ነው። ቁልፍ ይዞ የሚሮጥ መካኒክ ብቻውን አይበቃውም፣ ማሽኑ ላይ ኮምፒውተር ሰክቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ማሽኑን ከመረከብህ በፊት ይሄ ሰው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ አለቆችህን ጠይቅ።

አጀማመርህን በተመለከተ፣ ፎርማኑን ሰውም ቧንቧም የሌለበት ክፍት ቦታ ጠይቀው። የተራገፈ ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) በመበተን ጀምር፣ አፈር ስትበትን ትንሽ ብትስት ማንም አይቆጣህም። እጅህ እስኪለምድ ድረስ የመጨረሻውን ሌቭል በድሮው ማሽን ጨርስ። የድሮውን ወደ ሌላ ሳይት ሊወስዱት ካሰቡም ትንሽ እንዲያቆዩት አሁኑኑ ንገራቸው።