ፊቱን ሳይሆን እሱን ጠይቁት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በደሴና በዙሪያዋ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ያሳለፍኩ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ወደ ሙያው ለምትገቡ፣ ይልቁንም ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ወንድም ወይም እህት ቤታችሁ ላለ ነው።

ስለዚህ ሕመም ሲወራ የሚነሣው ጆሮ ላይ የሚመጣው ድምፅና ጥርጣሬው ነው። የሰውን ፊት አይቶ ስሜቱን ማወቅ እንደሚቸግራቸው ግን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ደስታን አብዛኞቹ ይለያሉ፤ ፍርሃት፣ ኀዘንና ቁጣ ላይ ይሳሳታሉ። ጥርጣሬው ሲበረታማ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የተቆጣቸው ይመስላቸዋል። የዓይን እንቅስቃሴ ተለክቶ እንደታየው፣ ብዙዎቹ ስሜት ጎልቶ የሚታይባቸውን ዓይንና አፍን እንደ ሌላው ሰው ደጋግመው አያዩም።

አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ዕጣኑ ሲትጎለጎል የልጁ አክስት ቅንድባቸውን ሰብሰብ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ልጁ አቦሉን ሳይጨርስ ስኒውን አስቀምጦ ውልቅ። ተከትዬው ብወጣ «ምን አደረግኋቸው?» አለኝ። ነገሩን ስነግራቸው አክስቱ ደጅ ድረስ ወጥተው፣ «አብሽር የኔ ልጅ፣ ጢሱ ነው እንጂ አንተንማ ለምን እቆጣለሁ!» አሉት። ለቶናው ተመልሶ ገባ።

እንዲህ በቃል ንገሩት። ደክሟችሁ ከሆነ «ደክሞኛል፣ ባንተ አልተናደድኩም» በሉት። በእኛ አገር ስሜትን ማውራት ያሳፍራል፣ ኩርፊያም በፊት ገጽታ ነው የሚነገረው፤ ለእሱ ግን ይህ ልማድ አይበጀውም።

የእሱም ፊት ያሳስታችኋል። ለቅሶ ቤት ፊቱ ሳይለዋወጥ ሲቀመጥ «ምንም አልመሰለው» ብሎ የሚያማው አይጠፋም። ከሕመሙ በተጨማሪ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒትም ፊትን ሊያደርቅ ይችላል። በጥናት ሲጠየቁ ግን እንዲህ ያሉ ሕሙማን ውስጣቸው የሚሰማቸው ስሜት ከሌላው ሰው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ጠይቁት።

መድኃኒቱ ድምፁንና ጥርጣሬውን ያበርዳል፤ ፊት የመለየቱን ችግር ግን እምብዛም አይፈታም። ለዚህ በሥዕልና በውይይት የሚሰጥ ልምምድ አለ፣ ውጤትም ታይቶበታል። ለባለሙያዎቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን ያወጧቸው የፊት ፎቶዎች እስካሁን ለምርመራ ያገለግላሉ፣ ፊቶቹ ግን የፈረንጅ ናቸው። ሰው የራሱን ወገን ፊት ይበልጥ ያነባልና፣ የባቲን ወይም የሐይቅን ልጅ በእነዚያ ፎቶዎች ብቻ መዝኖ «አይለይም» ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለክትትል ስታመጡት ደግሞ እንቅልፉንና ድምፁን ብቻ ነግራችሁን አትሂዱ። ሰሞኑን ማንን «ተቆጣኝ» እንዳለ፣ የማን ቤት መሄድ እንዳቆመ ጨምሩበት፤ ከመድኃኒቱ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው የምናየው ከዚያ ነው።