የከንፈር ምችን በቤት ውስጥ ቶሎ ማዳን ይቻላል?

ጥያቄ፦ ድካም ሲበረታብኝ ከንፈሬ ዳር ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ይወጡብኛል። በቤቴ ሆኜ ቶሎ ላድናቸው የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ብዙዎች ምች የሚሉት ይህ ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ድካም፣ ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያጋጥም እንደገና ይቀሰቀሳል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒትም በ10 ቀናት ገደማ ይድናል። ሕመሙን ለማሳጠር ወሳኙ ነገር ጊዜ ነው፤ ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት ከንፈርዎን ሲያሳክክዎ ወይም ሲያቃጥልዎ፣ 5 በመቶ አሲክሎቪር (የቫይረስ መከላከያ መድኃኒት) ያለውን ቅባት በቀን 5 ጊዜ መቀባት ይጀምሩ። ውሃው ከቋጠረ በኋላ የሚጀመር ቅባት ጥቅሙ እጅግ ያነሰ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሕመሙን ያስታግሳል። ቁስሉን አያፍርጡት፤ ከነኩትም ዓይንዎን ሳይነኩ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከሁሉ በላይ አደራ የምንልዎ፣ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ድረስ ሕፃናትን እንዳይስሙ ነው፤ ቫይረሱ አዲስ የተወለደን ሕፃን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ቁስሉ ከ10 ቀን ካለፈ፣ ወደ ዓይን ከተጠጋ ወይም የሰውነትዎን የመከላከል አቅም የሚያዳክም ሕመም ካለብዎ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።