ቤን ኦልደር፦ ከኮሩር ጣቢያ እስከ ጥቁሩ በር

ጥያቄ፦ ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ግላስጎ ነው። ተራራ በጣም ይናፍቀኛል፤ መኪና ግን የለኝም። የስኮትላንዱን ቤን ኦልደርን በባቡር ሄጄ በአንድ ቀን ወጥቼ መመለስ እችላለሁ?
(አንባቢ፣ ከግላስጎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በባቡር ይደረሳል፤ በአንድ ቀን ግን አይሞክሩት። 1,148 ሜትር ሲባል ለደባርቅ ልጅ ኮረብታ እንደሚመስል አውቃለሁ። የዚህ ተራራ ፈተናው ርቀቱ ነው።

ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት ባቡር ጣቢያ ተሳፍረው 3 ሰዓት ገደማ ከተጓዙ በኋላ ኮሩር ይወርዳሉ። የሕዝብ የመኪና መንገድ የማይደርስበት ጣቢያ ነው። ባቡሩ ሲርቅ ነፋሱና ረግረጉ ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ የኦሲያንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘው መሄድ ነው፤ ሐይቁ ብቻውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጫፉ ሲደርሱ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ወደ ቢያላክ ዱ ይወጣሉ። በጌሊክ ቋንቋ «ጥቁር በር» ማለት ነው፤ ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ በር ማለት ለእኛም እንግዳ አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በጠዋት ባቡር ነበር፤ ማታውኑ ልመለስ። በሩ ላይ ስደርስ 10 ሰዓት ሆኗል፤ ጉሙም ከላይ እየወረደ ነው። ጫፉን ሳላይ ተመለስኩ። ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ያ ጥቁር፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የቋጠረ አፈር አንድ እግሬን እስከ ጉልበቴ ዋጠው፤ ጫማዬን በእጄ ቆፍሬ አወጣሁ። ባቡሩም አመለጠኝ። በሐይቁ ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባያስገባኝ ኖሮ ሜዳ ላይ ባደርኩ።

ስለዚህ አስቀድመው እዚያ አልጋ ይያዙና በማግስቱ ማልደው ይውጡ። ድንኳን ካለዎትም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ ማደር ይፈቅድልዎታል። ሰኔ መልካም ነው፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን አለ፤ ትንኙ ግን ፊት ያለብሳል፤ የራስ መረብ ይያዙ። አናቱ ሰፊ ሜዳ ሲሆን በምሥራቅ በኩል በገደል ይቆረጣል። በጉም ጊዜ ስልክ ብቻ ተማምነው እንዳይሄዱ አደራ፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዙ።

የብሪታንያን ዙፋን ለመያዝ ተዋግቶ በካሎደን ጦርነት የተሸነፈው ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1746 ከአሳዳጆቹ የተደበቀው በዚሁ ተራራ ጥግ ነው። ሲደርሱ ለምን እንደመረጠው ያዩታል። በመኸር ወራት አጋዘን ስለሚታደን፣ ከመውጣትዎ በፊት የትኛው አቅጣጫ ነፃ እንደሆነ ማረፊያው ውስጥ ይጠይቁ።