የድሮ መልክ ያለው ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር ለጀማሪ ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስሆን፣ ሽምብጥ በተባለው ሰፈር ውስጥ በጋራ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በቆዩ የአማርኛ ዘፈኖች ውስጥ የሚሰማው የጊታር ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን ይነካዋል፤ አሁን ለመማር ወስኜ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 1960ዎቹ የነበሩትን ጊታሮች መልክ የያዘ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ያለው ርካሽ ሊድ (ኤሌክትሪክ) ጊታር በፎቶ ልኮልኝ ወድጄዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን «በቦክስ ጊታር (ኤሌክትሪክ በማይፈልገው) ጀምሪ፤ ይኼ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይሆንም» ይለኛል። እጄ ትንሽ ነው፤ ጎረቤት መረበሽም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጊታርን በመልኩ መውደድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጥግ ተደግፎ በታየ ቁጥር እጅን የሚጠራ መሣሪያ በየቀኑ ይነሣል፤ ለጀማሪም ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያው በየቀኑ መነሣቱ ነው። የታላቅ ወንድምዎ ምክር ከቅንነት የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም በቦክስ ጊታር ካልተጀመረ የሚለው ሐሳብ ለእርስዎ ሁኔታ የሚስማማ አይመስለንም። በሊድ ጊታር ላይ በብዛት የሚታሰረው የመጀመሪያ ክር ውፍረቱ ከአንድ ሺህ የኢንች ክፍል 9 ወይም 10 ሲሆን፣ የብረት ክር ባለው ቦክስ ጊታር ላይ ግን ብዙ ጊዜ 12 ነው። ቀጭኑ ክር በቀላል ጫና ስለሚወርድ የጀማሪን ጣት በእጅጉ ያሳርፋል። ከዚህም በላይ ሊድ ጊታር ከድምፅ ማጉያው ከአምፕሊፋየር ጋር ካልተያያዘ ድምፁ ከክፍልዎ እምብዛም አይወጣም፤ ማታ ለመለማመድም ሆነ መብራት በጠፋበት ሰዓት ላለመቋረጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ደግሞም የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበሩት ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ያሰሙን ዓይነት ድምፅ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ነው፤ የሚወዱትን ድምፅ በሚሰጠው መሣሪያ ላይ መጀመር ትዕግሥትን ያበረታል።

ርካሽነቱም ብቻውን አያስፈራዎ። ዛሬ በናፍቆት የሚታዩት የዚያ ዘመን ጊታሮች ሁሉ ውድ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ የተቋቋመው ዳንኤሌክትሮ የተባለ ጊታር ሠሪ ድርጅት የጊታሩን ገላ ከተጨመቀ የእንጨት ፋይበር ሰሌዳ ይሠራ፣ ድምፅ ተቀባዩን ፒክአፕ ደግሞ በከንፈር ቀለም ቱቦ ውስጥ ይከት ነበር፤ ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅትም እነዚህን ጊታሮች ሲልቨርቶን በሚል ስም ለጀማሪዎች በርካሽ ይሸጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ በመያዣ ሣጥኑ ውስጥ የተገጠመለት ሞዴል እንኳ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ የድሮ መልክ የያዘ ጊታር የጥሩ ጊታር አስመሳይ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው እጅ የሚነካው ክፍል በጥንቃቄ መሠራቱ ነው።

እኛ አጥብቀን የምንመክረው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ባሕር ዳር ላይ የሚኖር ጀማሪ የሚገዛው ጊታር ባለሙያ ሳይፈልግ ሊጫወቱበት የሚቻል መሆን አለበት። አንዲት ብሎን በላላች ቁጥር መሣሪያውን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ መላክ የመማር ፍላጎትን ቀስ በቀስ ይገድላል። የድሮ መልክ ካላቸው ጊታሮች መካከል ደግሞ አሠራራቸው እጅግ የሚለያይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን ጃዝማስተር የተባለ ሞዴል የሚመስሉት ድምፅ ማወዛወዣ ዘንግና የሚንቀሳቀስ ብሪጅ (ክሮቹ በገላው ላይ የሚያርፉበት ክፍል) አላቸው፤ ድምፃቸው ያማረ ቢሆንም በኃይል ሲመቱ ክሩ ከተቀመጠበት ቦታ የመንሸራተት ጠባይ አለው፤ ቅኝታቸውን ለማስተካከልም ልምድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቴሌካስተር የሚለውን ስም ያገኘው ጊታር ግን ብሪጁ በገላው ላይ በብሎን የታሰረ፣ ሁለት ፒክአፕ፣ አንድ መምረጫ፣ አንድ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያና አንድ የቃና መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ነው፤ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ ክር ሲበጠስም ጀማሪ በራሱ ይቀይረዋል። ነጋዴው የላከልዎት ፎቶ ላይ ብሪጁን አጉልተው ይመልከቱ፤ ከሥሩ ረጅም ማወዛወዣ ዘንግ ወጥቶ ከታየ በዚያው ቀለም የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ያለው እንዳለ ይጠይቁ። ገላው ክፍት የሆነ፣ እንደ ቫዮሊን የተቀደደ ቀዳዳ ያለውም ሞዴል ለዓይን ቢያምር፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ሲሆን ቶሎ ይጮሃል።

ትንሽ እጅን በተመለከተ የሚታየው ቁጥር ክሩ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለው ርዝመት ነው። ቴሌካስተርና መሰሎቹ 648 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለተማሪዎች ታስቦ የወጣውን ሙስታንግ የተባለ ሞዴል የሚመስሉት 610 ሚሊ ሜትር ናቸው። አጭሩ ጣትን ያቀራርባል፤ ክሩም ይለሰልሳል። እንዲያ ከሆነ በ9 ፈንታ ባለ 10 ክር ቢታሰርበት ቅኝቱን በተሻለ ይይዛል።

ሳይነኩ መግዛት ግድ ከሆነብዎ፣ ነጋዴው ፎቶ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮ እንዲልክልዎ ያድርጉ። በቪዲዮው ላይ እያንዳንዱን ክር ከመጀመሪያው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከለው ቀጭን ብረት) እስከ መጨረሻው እየያዘ ይምታ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ የሚሞት ወይም የሚንጫረር ከሆነ የፍሬቶቹ ከፍታ እኩል አይደለም ማለት ነው፤ ርካሽ ጊታር ላይ ለመጠገን እጅግ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ ጣትዎን ያሠቃያል። ከዚያ ልቅ (በጣት ያልተያዘ) ክሩንና 12ኛውን ፍሬት አፈራርቆ ያሰማ፤ ሁለቱ አንድ ድምፅ፣ ዝቅና ከፍ ብሎ፣ መሆን አለባቸው። መቃኛዎቹ ሲዞሩ የሚዘሉ ወይም የሚንሸራተቱ ከሆኑ ይተዉት። የገላው ጭረት ግን አያሳስብዎ።

በእጅዎ ሲገባ ደግሞ በአንድ ክር ላይ ልቅ ድምፁን፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውንና 12ኛውን ፍሬት በተራ ይምቱ። ይህ ትዝታ ሜጀር የተባለው የዜማ ቅኝት ነው። 4ኛውን በ3ኛ፣ 9ኛውን በ8ኛ ቢተኩ ትዝታ ማይነር ያገኛሉ። ምንም ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) ሳያውቁ የሚወዱትን ዜማ መፈለግ የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ በውጭ አገር ዘፈን ኮርድ ከመጀመርም ይህን እናስቀድማለን።

ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሙሉ በጊታሩ ላይ አያውሉት፤ ቢያንስ ከሦስት አንዱን ለአነስተኛ አምፕሊፋየር፣ ለኬብል፣ ለተጨማሪ ክርና ለመያዣ ቦርሳ ያስቀሩ። አምፕሊፋየሩ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያና በባትሪ የመሥራት ችሎታ ቢኖረው ለጋራ ግቢም ለመብራት መቋረጥም ይበጃል። የድሮ ዓይነት ነጠላ የሽቦ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ከኤሌክትሪክ መስመሩ «እምም» የሚል ድምፅ ይቀበላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፤ አቅጣጫዎን ሲያዞሩና ከፍሎረሰንት አምፖል ሲርቁ ይቀንሳል።

የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ድርቀት አንገቱን ስለሚያንቀሳቅሱት ክሩ በወቅቱ ከፍ ወይም ዝቅ ቢልብዎ አይደንግጡ። በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ሳያዞሩ አስተካክለው እስከ ማግሥቱ ይጠብቁ። ከተጫወቱ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላብና እርጥበት ቶሎ ያዝጉታልና።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖር አጎቴ ያገለገለ የጊታር አምፕሊፋየር ሊያመጣልኝ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለ ችግር ይሠራል?

መልስ፦ የመሣሪያውን ጀርባ ሳያነቡ አይሰኩት። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው፤ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ማያያዣ ቮልቱን አይቀንስም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነም በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ከተጻፈ ቅርጹን ብቻ ማስማማት ይበቃል። ካልሆነ አምፕሊፋየሩ ከሚፈልገው ዋት የበለጠ አቅም ያለው፣ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። የጊታሩ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የመሬት መስመር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሦስተኛውን የመሬት እግር ቆርጠው እንዳይሰኩት፤ የቤትዎ ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው አስቀድመው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ። መብረቅ በሚበዛበት ክረምትም ተጫውተው ሲጨርሱ ከሶኬቱ ይንቀሉት።